ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም (የማህደረ ትውስታ ተጋላጭነት)

ከተለቀቀ በኋላ መጠቀም፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ዩዝ አፍተር ፍሪ፣ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጠቅሞበት የለቀቀውን የማህደረ ትውስታ ቦታ አሁንም የራሱ እንደሆነ ቆጥሮ ሲጠቀምበት የሚፈጠር ስህተት ነው። ስህተቱ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ በተጻፈ በማንኛውም ሶፍትዌር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በይበልጥ የሚታወቀው ግን በብራውዘሮች ማለትም በድር ማሰሻዎች ላይ በተፈጸሙ ጥቃቶች ነው። አንድ ሰው ምንም ፋይል ሳያወርድና ምንም ፈቃድ ሳይሰጥ፣ አንድ ድረ ገጽ በመክፈቱ ብቻ ኮምፒውተሩ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር ሊወድቅ ከሚችልባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ስህተት ነው።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ፋየርፎክስና ጉግል ክሮም ሁሉም በዚህ ዓይነት ስህተት ተጠቅተዋል። የክሮሚየም ፕሮጀክት በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ትንተና መሠረት፣ ከ2015 ጀምሮ በክሮም ላይ ከተገኙ 912 ከባድ የደህንነት ስህተቶች ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ ከማህደረ ትውስታ አያያዝ የመነጩ ነበሩ። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ከተለቀቀ በኋላ የመጠቀም ስህተቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምድብ

ማይተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሚያስተዳድረው የሶፍትዌር ድክመቶች ዝርዝር ውስጥ ስህተቱ በቁጥር 416 ተመዝግቧል። የቅርብ ዘመዶቹ ከተመደበው ቦታ አልፎ መጻፍ፣ አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ መልቀቅ እና ዋጋ ያልተሰጠውን ቦታ ማንበብ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድነት የማህደረ ትውስታ ደህንነት ስህተቶች ይባላሉ።

የማህደረ ትውስታ አሠራር

ማንኛውም ፕሮግራም በሚሠራበት ጊዜ ውሂቡን የሚያስቀምጠው በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ሜሞሪ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ማህደረ ትውስታ በቁጥር የተለዩ አድራሻዎች ያሉት ረጅም የሣጥኖች ረድፍ ተደርጎ ሊታሰብ ይችላል። ፕሮግራሙ ቦታ ሲፈልግ የተወሰነ መጠን እንዲመደብለት ይጠይቃል፤ የተመደበለትን ቦታ አድራሻም ጠቋሚ ወይም ፖይንተር በሚባል ነገር ይይዛል። ሥራው ሲያልቅ ቦታውን ይለቃል፤ የተለቀቀው ቦታም ለሌላ ጥያቄ ዳግመኛ ሊሰጥ ይችላል።

እንደ ጃቫና ፓይተን ባሉ ቋንቋዎች ቦታ የሚለቀቀው በራሱ በቋንቋው አስተዳደር ነው፤ ማንም የማይጠቁመው ቦታ ተለይቶ ይጠረጋል። በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ግን ቦታው መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ፕሮግራመሩ ነው። ይህ አሠራር ፍጥነት ይሰጣል፤ ኃላፊነቱንም ሙሉ በሙሉ በፕሮግራመሩ ላይ ይጥላል።

ችግሩ የሚፈጠረው ወደ አንድ ቦታ የሚያመለክቱ ጠቋሚዎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ነው። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ቦታውን ሲለቅ፣ ሌላው ክፍል የያዘው አድራሻ በራሱ አይሰረዝም። እንዲህ ያለው ባለቤት በሌለው ቦታ ላይ የቀረ ጠቋሚ ተንጠልጣይ ጠቋሚ ይባላል።

ነገሩን በፖስታ ሣጥን ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ ድርጅት ከፖስታ ቤት የሣጥን ቁጥር 412ን ተከራይቷል እንበል። የድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ «የሥራ ትእዛዝ የሚመጣው በሣጥን ቁጥር 412 ነው» የሚል ማስታወሻና የሣጥኑን ቁልፍ ይይዛል። ከጊዜ በኋላ ድርጅቱ ኪራዩን ያቋርጣል፤ ማስታወሻውና ቁልፉ ግን ከጉዳይ አስፈጻሚው እጅ ይቀራሉ። ያንኑ ሣጥን ሌላ ሰው ተከራይቶ የሐሰት ትእዛዝ ቢያስቀምጥበት፣ ጉዳይ አስፈጻሚው እንደ ልማዱ ሄዶ ይከፍታል፤ ያገኘውንም የአለቃው ትእዛዝ መስሎት ይፈጽማል። እዚህ ላይ ማስታወሻው ተንጠልጣይ ጠቋሚ ነው፤ አዲሱ ተከራይ ጥቃት አድራሹ ነው።

ስህተቱ ወደ ጥቃት የሚለወጥበት መንገድ

ተንጠልጣይ ጠቋሚ ያለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይደርስበት ይሠራል፤ አለበለዚያም በድንገት ይቆማል። ጥቃት አድራሹ ግን ድንገተኛውን ብልሽት ወደታሰበ ውጤት ይመራዋል። ይህም በአብዛኛው በአራት ደረጃዎች ይከናወናል።

1. ማስለቀቅ፦ የተንኮል ድረ ገጹ በውስጡ ባለው የጃቫስክሪፕት ኮድ አማካይነት ብራውዘሩ አንድን ኦብጀክት እንዲለቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን ወደዚያ ኦብጀክት የሚጠቁም አድራሻ በሌላ የብራውዘሩ ክፍል ውስጥ እንደተያዘ ይቀራል።

2. መተካት፦ ኮዱ ወዲያውኑ ከተለቀቀው ቦታ ጋር እኩል መጠን ያላቸውን ብዙ አዳዲስ ውሂቦች ይፈጥራል። የማህደረ ትውስታ አስተዳዳሪው በቅርቡ የተለቀቀውን ቦታ መልሶ መስጠት ስለሚቀናው፣ ከአዲሶቹ አንዱ በዚያው ቦታ ላይ የማረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

3. መጠቀም፦ ድረ ገጹ ብራውዘሩ አሮጌውን ጠቋሚ እንዲጠቀም ያደርገዋል። ብራውዘሩ የቀድሞውን ኦብጀክት ያነበበ ይመስለዋል፤ የሚያነበው ግን ጥቃት አድራሹ የጻፈውን ነው።

4. መቆጣጠር፦ በሲ ፕላስ ፕላስ ብዙ ኦብጀክቶች መጀመሪያቸው ላይ «የእኔ ተግባራት ኮድ የሚገኘው እዚህ አድራሻ ላይ ነው» የሚል የሰንጠረዥ ጠቋሚ ይይዛሉ። ይህ ጠቋሚ ከተተካ ብራውዘሩ ቀጥሎ የሚያስኬደውን ኮድ የሚመርጠው ጥቃት አድራሹ ይሆናል።

በቀድሞ ጥቃቶች ሂፕ ስፕሬይ የሚባል ዘዴም በብዛት ይታይ ነበር። ይህም የማህደረ ትውስታውን ሰፊ ክፍል በተመሳሳይ የተንኮል ውሂብ በመሙላት፣ ብራውዘሩ በግምት ወደተመረጠ አድራሻ ቢዘል እንኳ የጥቃት አድራሹን ኮድ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ብራውዘሮች ለምን ይበልጥ ይጋለጣሉ

ብራውዘር ከሌሎች ፕሮግራሞች የሚለየው የማያውቀውን ሰው ኮድ ሳይጠይቅ ተቀብሎ ማስኬድ ሥራው በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ጃቫስክሪፕት ይዞ ይመጣል፤ በዚህም ኮድ የብራውዘሩን ኦብጀክቶች በፈለገው ቅደም ተከተል ሊፈጥር፣ ሊያንቀሳቅስና ሊያጠፋ ይችላል። ጥቃት አድራሹ ቦታ የማስለቀቅና የመተካት ሥራውን በርቀት ማቀናበር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የኦብጀክቶቹ ትስስር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ያለ ሥዕል፣ ሥዕሉን የያዘው አንቀጽ፣ ሥዕሉ ተጭኖ ሲያልቅ የሚነሣው ክስተትና ክስተቱን የሚከታተለው ኮድ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ከዚህም በላይ ብራውዘሩ አንድ ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ በመሐል የገጹን ኮድ ሊጠራ ይችላል። ኮዱ በዚያች ቅጽበት ብራውዘሩ እየሠራበት ያለውን ኦብጀክት ቢያጠፋው፣ ብራውዘሩ ሥራውን ሲቀጥል የሌለ ነገር ላይ ይቀጥላል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች ውስጥ እንዲህ ያሉትን አጋጣሚዎች በዓይን አንብቦ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ታዋቂ ጥቃቶች

ኦፕሬሽን አውሮራ (2009–2010)

ጉግል ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 በዲሴምበር 2009 አጋማሽ ላይ ከቻይና የተነሣ የተራቀቀ ጥቃት እንደደረሰበት ይፋ አደረገ። ቢያንስ 20 ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎችም ዒላማ እንደነበሩ ገልጾ፣ ከጥቃቱ ዋና ዓላማዎች አንዱ የቻይና የሰብአዊ መብት ተሟጋቾችን የጂሜይል መልእክቶች ማግኘት እንደነበር አመልክቷል። ጥቃቱን ኦፕሬሽን አውሮራ ብሎ የሰየመው ማክአፊ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ነው።

አጥቂዎቹ የተጠቀሙበት ቀዳዳ በማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ የነበረና በሲ.ቪ.ኢ. ቁጥር 2010-0249 የተመዘገበ ከተለቀቀ በኋላ የመጠቀም ስህተት ነበር። አሠራሩ ከላይ የተገለጹትን ደረጃዎች በግልጽ ያሳያል። የተንኮል ገጹ አንድ ሥዕል ይጭናል፤ ሥዕሉ ተጭኖ ሲያልቅ የሚነሣውን ክስተት ቅጂ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ሥዕሉን ከገጹ ላይ ያጠፋዋል። ብራውዘሩ የክስተቱ ቅጂ አሁንም ሥዕሉን እንደሚጠቁም በትክክል ስላልቆጠረ፣ የሥዕሉን ኦብጀክት ከማህደረ ትውስታ ይለቀዋል። ገጹ ባዶ የቀረውን ቦታ በራሱ ጽሑፍ ይሞላና በመጨረሻ ክስተቱን «የመጣኸው ከየትኛው የገጹ ክፍል ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ብራውዘሩ መልስ ፍለጋ የሚሄደው ወደ ተለቀቀው አድራሻ ነው።

ማይክሮሶፍት ስለ ስህተቱ ከሴፕቴምበር 2009 ጀምሮ ያውቅ እንደነበር አምኗል፤ ማስተካከያውን ለማውጣት ያቀደው ግን በፌብሩዋሪ 2010 ነበር። ጥቃቱ ይፋ ከሆነ በኋላ የጀርመንና የፈረንሳይ መንግሥት የኮምፒውተር ደህንነት መሥሪያ ቤቶች ዜጎቻቸው ለጊዜው ሌላ ብራውዘር እንዲጠቀሙ መከሩ። ማይክሮሶፍትም ከመደበኛው የወር መርሐ ግብሩ ውጭ ማስተካከያውን ጃንዋሪ 21 ቀን 2010 አወጣ። በጥቃቱ በዋናነት የተጠቃው በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነበር፤ አዳዲስ እትሞች ቢኖሩም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ገና ሥራ ላይ ነበር።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርና ዊንዶውስ ኤክስፒ (2014)

በኤፕሪል 2014 መጨረሻ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 እስከ 11 ያሉትን እትሞች በሙሉ የሚነካ ተመሳሳይ ስህተት (ሲ.ቪ.ኢ. 2014-1776) በጥቃት ላይ ሲውል ተገኘ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኤፕሪል 8 ቀን ነበር። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ ያሉት የኤክስፒ ተጠቃሚዎች ብዙ ስለነበሩ ኩባንያው ሜይ 1 ቀን ያወጣው ማስተካከያ ለዚያም ሥርዓት እንዲደርስ አድርጓል።

ሃኪንግ ቲምና ፍላሽ (2015)

ሃኪንግ ቲም በሚላኖ፣ ጣልያን፣ የሚገኝ ለመንግሥታት የስለላ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ዘገባ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ይሠሩ የነበሩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን (ኢሳት) ሠራተኞች የዚህ ኩባንያ ምርት እንደሆነ በተገመተ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን ገልጿል። ያ ሙከራ የተደረገው ሰነድ መስለው በተላኩ ፋይሎች ነው፤ ተቀባዩ ፋይሉን እንዲከፍት ማታለል ያስፈልግ ነበር።

በጁላይ 2015 ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ የውስጥ ሰነዶቹ ሲወጡ ግን፣ በብራውዘሮች ውስጥ ይሠራ በነበረው አዶቤ ፍላሽ ላይ ገና ያልታወቀ ከተለቀቀ በኋላ የመጠቀም ስህተት (ሲ.ቪ.ኢ. 2015-5119) ከእጁ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በእጁ ያለ አጥቂ ተቀባዩን ፋይል እንዲከፍት ማግባባት አያስፈልገውም፤ ገጽ ማስከፈት ይበቃዋል። አዶቤ ማስተካከያውን በቀናት ውስጥ አወጣ፤ ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ተቋረጠ።

ፋየርፎክስና ቶር ብራውዘር (2016)

በኖቬምበር 2016 መጨረሻ በቶር ብራውዘር ተጠቃሚዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ይፋ ሆነ። ቶር ብራውዘር የተጠቃሚውን ማንነትና ቦታ ለመሰወር የተሠራ ሲሆን መሠረቱ ፋየርፎክስ ነው። ስህተቱ (ሲ.ቪ.ኢ. 2016-9079) የተገኘው ፋየርፎክስ ተንቀሳቃሽ የኤስቪጂ ሥዕሎችን በሚያስተናግድበት ክፍል ውስጥ ነበር። የጥቃቱ ኮድ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎችን ኮምፒውተር የአይፒና የማክ አድራሻ ሰብስቦ ወደ ሌላ ሰርቨር ይልክ ነበር። ማንነቱን ለመደበቅ ቶርን ለሚጠቀም ሰው ይህ ብቻ ለመጋለጥ በቂ ነው። ሞዚላ ኖቬምበር 30 ቀን የተስተካከለውን ፋየርፎክስ 50.0.2 አወጣ።

ጉግል ክሮም (2019)

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019 የጉግል የደህንነት ተመራማሪ ክሌማ ለሲን በክሮም ውስጥ በጥቃት ላይ የዋለ ስህተት (ሲ.ቪ.ኢ. 2019-5786) አመለከተ። ስህተቱ ድረ ገጾች ተጠቃሚው የመረጠውን ፋይል እንዲያነቡ በሚያስችለው ፋይል ሪደር በተባለ ክፍል ውስጥ ነበር። ፋይሉ ገና እየተነበበ ሳለ ሁለት የተለያዩ ኦብጀክቶች አንድን የማህደረ ትውስታ ቦታ እንዲጋሩ ማድረግ ይቻል ነበር፤ አንዱ ቦታውን ሲያስለቅቅ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማስተካከያው ማርች 1 ቀን በክሮም እትም 72.0.3626.121 ወጣ።

አጥቂዎቹ ይህን ስህተት ብቻውን አልተጠቀሙበትም። ክሮም ድረ ገጾችን በተከለለ ሂደት ውስጥ ስለሚያስኬድ፣ ከዚያ ክልል ለመውጣት በዊንዶውስ 7 ውስጥ የነበረ ሌላ ስህተት (ሲ.ቪ.ኢ. 2019-0808) አያይዘው ነበር። በ2010 አንድ ስህተት የሠራውን ለመሥራት በ2019 ሁለት አስፈልጓል።

መከላከያዎች

ስህተቱን ቀድሞ ማግኘት። ጉግል የሠራው አድሬስ ሳኒታይዘር የተባለ መሣሪያ የተለቀቀ ቦታን በምልክት ይለያል፤ ቦታው ቶሎ ዳግመኛ እንዳይሰጥም ያቆየዋል። በሙከራ ጊዜ ፕሮግራሙ ያን ቦታ ቢነካ ወዲያውኑ ቆሞ የስህተቱን መነሻ ያሳያል። ይህ መሣሪያ ከፈዚንግ ጋር ሲጣመር ይበልጥ ይጠቅማል። ፈዚንግ ለብራውዘሩ በኮምፒውተር የተፈጠሩ እጅግ ብዙ የተዛቡ ገጾችን እየሰጡ የሚሰብረውን መፈለግ ነው። ስህተት ላገኙ የውጭ ተመራማሪዎች ሽልማት መስጠትም የተለመደ ሲሆን፣ ሞዚላ በ2004፣ የክሮሚየም ፕሮጀክት ደግሞ በ2010 ይህን ጀምረዋል።

ጉዳቱን መገደብ። በሳንድቦክስ አሠራር ገጹን የሚያነበው የብራውዘር ክፍል ፋይሎችንና ሌሎች ፕሮግራሞችን በቀጥታ እንዳይነካ ይከለከላል። ዘመናዊ ሥርዓቶች በተጨማሪ የማህደረ ትውስታ አድራሻዎችን በየጊዜው ያደባልቃሉ፤ ውሂብ የተቀመጠበት ቦታ እንደ ኮድ እንዳይሠራም ይከለክላሉ። እነዚህ ዘዴዎች ስህተቱን አያጠፉም፤ ለጥቃት ማዋልን ግን ያከብዱታል።

ጠቋሚዎችን መቆጣጠር። ጉግል በ2022 ሚራክል ፖይንተር የተባለ ዘዴ በክሮም ሥራ ላይ አዋለ። ለዚህም በክሮም ኮድ ውስጥ ከ15,000 በላይ ጠቋሚዎች ተለውጠዋል። በዚህ ዘዴ አንድ ቦታ ሲለቀቅ አሁንም የሚጠቁመው ካለ፣ ቦታው ለሌላ አይሰጥም፤ ጠቋሚዎቹ እስኪያልቁ ድረስ ተለይቶ ይቆያል። በፖስታ ሣጥኑ ምሳሌ፣ ቁልፎቹ በሙሉ ሳይመለሱ ሣጥኑን ለአዲስ ተከራይ አለመስጠት ማለት ነው። ዋጋው ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ መያዙ ነው።

ቋንቋውን መለወጥ። በሞዚላ ድጋፍ ያደገውና የመጀመሪያ የተረጋጋ እትሙ በሜይ 2015 የወጣው ረስት እያንዳንዱ ውሂብ አንድ ባለቤት ብቻ እንዲኖረው ያስገድዳል። ባለቤቱ ከጠፋ በኋላ ውሂቡን ለመጠቀም የሚሞክር ኮድ ወደ ፕሮግራም ሊለወጥ አይችልም፤ ስህተቱ ለተጠቃሚው ከመድረሱ በፊት ይያዛል። ፋየርፎክስ ከ2016 ጀምሮ በረስት የተጻፉ ክፍሎችን ይዟል፤ በኖቬምበር 2017 በወጣው እትም 57 ደግሞ የገጾችን አቀራረብ የሚያሰላው ክፍሉ በረስት ተተክቷል። የክሮሚየም ፕሮጀክትም በጃንዋሪ 2023 ረስትን መቀበል እንደሚጀምር አስታውቋል። ይሁንና ለዓመታት በሲ ፕላስ ፕላስ የተከማቸውን ኮድ በአንድ ጊዜ መተካት ስለማይቻል፣ ስህተቱ ለረጅም ጊዜ አብሮ የሚኖር ነው።

ለተጠቃሚዎች ያለው ትርጉም

ይህን ስህተት ተጠቃሚው በጥንቃቄ ብቻ ሊያስወግደው አይችልም፤ የታመነ ድረ ገጽም ተጠልፎ የጥቃት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በተጠቃሚው እጅ ያለው ዋነኛ መከላከያ ብራውዘሩን ማዘመን ነው። ማስተካከያ በወጣ ማግሥት ስህተቱ የት እንደነበር ማወቅ ይቀላል፤ አሮጌውንና አዲሱን እትም በማነጻጸር ሌሎች አጥቂዎች የራሳቸውን ጥቃት መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ ማስተካከያ ከወጣ በኋላ በአሮጌው እትም መቆየት አደጋውን ይጨምረዋል።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ነገሮች አሉ። ክሮም በኮምፒውተር ላይ አዲሱን እትም በራሱ ቢያወርድም፣ ማስተካከያው የሚሠራው ብራውዘሩ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ነው። ለቀናት ሳይዘጋ የቆየ ብራውዘር አሮጌውን ኮድ እያስኬደ ነው። በአይፎን ላይ ሳፋሪ የሚታደሰው ከስልኩ ሥርዓት ጋር ነው። በአንድሮይድ ደግሞ ሌሎች መተግበሪያዎች በውስጣቸው ድረ ገጽ የሚያሳዩበት ዌብቪው የተባለ ክፍል ከብራውዘሩ በተጨማሪ መታደስ ይኖርበታል። የዳታ ወጪን ለመቀነስ አውቶማቲክ ማዘመንን ያጠፋ ሰው ቢያንስ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማዘመን ይችላል። አምራቹ ድጋፍ ባቋረጠበት ሥርዓት ላይ ግን የሚዘመን ነገር ስለማይመጣ፣ አዲስ የሚገኘው ስህተት ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል።